ሁለት ዝንብ በአንድ ክር

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው አባባል ለእርሻውም፣ ለደቦውም፣ ለሸንጎውም ይሠራል። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ መልሶ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። በስኮትላንድ የሳልሞን ወንዞች ዳር ሲያከራክር የኖረ አንድ ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል የሚገኝ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። አጥማጁ በክሩ ላይ ማሰር ያለበት አንድ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው ወይስ ሁለት?

በቴይ ወንዝ ዳር ጠዋት ጠዋት ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ቴይ ከስኮትላንድ ወንዞች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ ርዝመቱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወንዙ ዳር ጊሊ እየተባለ የሚጠራ፣ ወንዙን የሚጠብቅና እንግዳ አጥማጆችን የሚመራ ባለሙያ አለ። ጊሊው አስቀድሞ የውኃውን ከፍታ ይመለከታል፤ መደፍረሱንና መጥራቱን ያጤናል፤ ነፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደሚነፍስ ያስተውላል። ከዚያም በኋላ ነው አንድ ይታሰር ወይም ሁለት ይታሰር ብሎ የሚወስነው። ውሳኔው በዚያ ዕለት የሚያዘውን ዓሣ ብቻ የሚነካ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ወደ ወንዙ የሚመለሰውንም ዓሣ ይነካል። ጉዳዩ ለማንኛውም የጋራ ሀብት ለሚያስተዳድር ማኅበር ትምህርት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳልሞን ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

የአትላንቲክ ሳልሞን የሚወለደው በወንዝ፣ የሚያድገው በባሕር፣ ዘሩን የሚተካው ተመልሶ በዚያው በተወለደበት ወንዝ ነው። እንስቷ በበልግ ማብቂያና በክረምቱ መግቢያ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት አካባቢ፣ ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ጠጠራማ ሥፍራ በጭራዋ ጉድጓድ ቆፍራ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ተባዕቱ ካዳቀለው በኋላ ጠጠሩን መልሳ ታለብሰዋለች። ዕንቁላሉ እስከ ጸደይ ድረስ በጠጠሩ ውስጥ ይቆያል። ደለል ካፈነው ወይም ከብት ከረገጠው ሳይፈለፈል ይቀራል።

የተፈለፈለው ጫጩት በስኮትላንድ ወንዞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ይቆያል። ቁመቱ ከእጅ መዳፍ ጥቂት ሲበልጥ አካሉ እንደ ብር ያብረቀርቅና ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚያም እስከ ፋሮ ደሴቶችና እስከ ግሪንላንድ ባሕር ድረስ ተጉዞ ይሰባል። አንድ ክረምት ወይም ከዚያ በላይ በባሕር ከቆየ በኋላ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ልዩ ነገር አለ። ሳልሞን ወደ ወንዙ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ አይመገብም። በባሕር ባጠራቀመው ስብ ብቻ እየኖረ ወራጁንና ፏፏቴውን እየዘለለ ወደ ላይ ይወጣል። ዕንቁላሉን ከጣለ በኋላ አብዛኛው ይሞታል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ባሕር ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። እንስቷ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ1 ሺህ በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ 4 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሳልሞን ተይዛ ተበላች ማለት፣ ከ4 ሺህ በላይ ዕንቁላል ከወንዙ ጎተራ ወጣ ማለት ነው። ዘር እህሉን የበላ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገጥመው ለማንም የሚነገር አይደለም።

የማይበላውን ዓሣ በምን ይይዙታል?

ዓሣው የማይመገብ ከሆነ መንጠቆ ለምን ይጎርሳል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንዳንዶች በልጅነቱ ነፍሳትን ሲለቅም የነበረው ልማድ ይቀሰቀስበታል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሥፍራውን ለመከላከል ተቆጥቶ ይነክሳል ባዮች ናቸው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የተረጋገጠው ነገር፣ በፊቱ በትክክለኛው ፍጥነትና ጥልቀት የሚያልፍ ትንሽ ነገር ሲያይ አንዳንድ ጊዜ ተወርውሮ የሚይዘው መሆኑ ብቻ ነው።

ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ማጥመጃ «ዝንብ» ይባላል። በመንጠቆ ላይ ላባ፣ የእንስሳ ፀጉርና የሚያብረቀርቅ ክር በጥንቃቄ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ለሳልሞን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ዓሣን ወይም ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት የሚመስል ነው። ጥቁር፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫና የብር ቀለም ያላቸው የተለመዱ ናቸው።

ዝንቡ ክብደት ስለሌለው ብቻውን ተወርውሮ ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ አጥማጁ ወፍራምና ከባድ ክር ይጠቀማል። በትልልቅ ወንዞች ላይ ከ4 እስከ 4 ሜትር ተኩል የሚረዝም በሁለት እጅ የሚያዝ ዘንግ ይዞ፣ ክሩን እንደ ጅራፍ አዙሮ ወደ ማዶ ይወረውረዋል። ወራጁ ክሩን ቀስ እያደረገ ወደ አጥማጁ ዳርቻ ሲያመጣው ዝንቡ በዓሦቹ ፊት እያቋረጠ ያልፋል። ከዚያም አጥማጁ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ታች ወርዶ ይደግማል። በዚህ ዓይነት አንድን ጥልቅ የወንዝ ክፍል ከላይ እስከ ታች፣ እርሻ በትልም እንደሚታረስ ሁሉ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል ያዳርሰዋል።

ሁለተኛው ዝንብ ምን ይጠቅማል?

በከባዱ ክር ጫፍ ላይ ውኃ ውስጥ የማይታይ ቀጭን ክር ይቀጠላል። ዋናው ዝንብ የሚታሰረው በዚህ ቀጭን ክር መጨረሻ ሲሆን «የጫፍ ዝንብ» ሊባል ይችላል። ሁለተኛ ዝንብ የሚፈልግ አጥማጅ ከጫፉ ወደ ላይ 1 ሜትር ያህል ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይለካና፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አጭር ቅጥያ ክር ያወጣል። በእርስዋ ላይ የምትታሰረው «ተንጠልጣይ ዝንብ» ናት። ቅጥያዋ ከዚያ ከረዘመች በዋናው ክር ላይ ትጠመጠማለች፤ ካጠረች ደግሞ ዝንቧ እንደ ልብ አትዋኝም።

በሥራው የቆዩ አጥማጆች ለሁለተኛው ዝንብ የሚሰጧቸው ምክንያቶች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ሁለቱ ዝንቦች በመጠንና በቀለም እንዲለያዩ ይደረጋል። ከጫፍ ከበድ ያለው፣ ከላይ ደግሞ አነስ ያለው ይታሰራል። ዓሣው በዚያ ዕለት የትኛውን እንደሚመርጥ በአንድ ውርወራ ሁለት ጊዜ መሞከር ይቻላል ማለት ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ማሳ ሁለት ዓይነት ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ እንደሚፈትሽ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ዝንቦች በተለያየ ጥልቀት ይዋኛሉ። የጫፉ ሰመጥ ሲል ተንጠልጣዩ ወደ ላይ ይቀርባል።

ሦስተኛ፣ ይህ በተለይ ለሐይቅ የሚሠራ ነው። በአየርላንድ ሎክ ከራን፣ በስኮትላንድም ሎክ ሎሞንድ በመሳሰሉት ሐይቆች አጥማጆች ጀልባቸውን በነፋስ እያስነዱ ክር ይወረውራሉ። በመጨረሻም ዘንጉን ከፍ ሲያደርጉ ላይኛዋ ዝንብ በማዕበሉ ጫፍ ላይ እየዘለለች ትመጣለች። ዓሣው ይህችን እንቅስቃሴ አይቶ ከሥር ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ላይኛዋን ተከትሎ ይመጣና ሐሳቡን ለውጦ የጫፏን ይነክሳል። በዚህ ዓይነት ሐይቅ ላይ ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስት ዝንብ በአንድ ክር ማሰር የቆየ ልማድ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሁለተኛው ዝንብ ስስት ብቻ የወለደው ነገር እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ልማዱ ዕውቀት አለው፤ የሚከላከሉትም ሰዎች አላዋቂዎች አይደሉም። ደንብ የሚያወጣ ማኅበር ይህንን ሳያዳምጥ የሚያወጣው ክልከላ አይጸናም።

ጣጣው የሚመጣው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ነው

የሁለት ዝንብ ችግር በውርወራው ላይ ይጀምራል። ነፋስ በበረታ ጊዜ ሁለቱ ይተሳሰራሉ። የተተበተበ ክር ሲፈቱ መዋል የዕለቱን ሥራ ያስፈታል። ይህ ግን የአጥማጁ የራሱ ጉዳት ስለሆነ ማንንም የሚያስከፋ አይደለም።

ዋናው ጣጣ የሚታየው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ነው። ሳልሞን ተንጠልጣዩን ዝንብ ነክሶ ወደ ጥልቁ ሲሮጥ፣ የጫፉ ዝንብ 1 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ባዶ መንጠቆውን ይጎትታል። ያ ባዶ መንጠቆ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር ወይም የውኃ ሣር ባገኘ ጊዜ ይሰካል። በዚያች ቅጽበት ዓሣው በአንድ ወገን፣ ድንጋዩ በሌላ ወገን ይሆናሉ፤ ክሩ ይበጠሳል። ዓሣውም መንጠቆ በአፉ እንደ ተሰካ፣ አንዳንዴም ከድንጋይ ጋር እንደ ታሰረ ይቀራል። አጥማጁ አልበላውም፤ ወንዙም አላገኘውም።

ዓሣው የጫፉን ዝንብ ቢይዝም ችግር አይጠፋም። ተንጠልጣዩ ዝንብ ከላይ ስላለ ክሩ ሲጠቀለል መጥቶ በዘንጉ ጫፍ ቀለበት ላይ ይያዛል። ከዚያ ወዲያ መጠቅለል ስለማይቻል ዓሣውን ወደ ዳር ማቅረብ ያስቸግራል። ወደ መረብ ሲገባም ባዶው መንጠቆ በመረቡ ላይ ተሰክቶ ዓሣውን ከአፉ ሊነጥቀው ወይም ክሩን ሊበጥሰው ይችላል። ዓሣውን ለመልቀቅ ጎንበስ ያለው ሰው ደግሞ ዓሣው ሲወራጭ ያ መንጠቆ በጣቱ ላይ ይሰካበታል።

አልፎ አልፎ ሁለት ዓሦች በአንድ ጊዜ ሁለቱን ዝንቦች ይይዛሉ። ወሬው ለወራት የሚያስቅ ይሁን እንጂ፣ ሁለት ብርቱ ዓሦች በተለያየ አቅጣጫ ሲጎትቱ ብዙውን ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ቢያንስ አንዱ መንጠቆ እንደ ያዘ ይሄዳል።

ቀድሞ ዓሣው ሲያዝ ለገበታ ስለነበር ይህ ሁሉ የአጥማጁ ኪሣራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዓሣው ተይዞ በሕይወት እንዲለቀቅ በሚፈለግበት ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓሣው ውኃ ውስጥ የሚታገልበት ደቂቃ ሁሉ፣ ከውኃ ወጥቶ የሚቆይበት ቅጽበት ሁሉ፣ በአካሉ ላይ የሚሰካው ተጨማሪ መንጠቆ ሁሉ ከሕይወቱ የሚቀነስ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ የወንዝ ባለመብቶች እንግዶቻቸው በአንድ ዝንብ ብቻ፣ ያውም ወደ ኋላ የተመለሰ እሾህ በሌለው መንጠቆ እንዲያጠምዱ የሚጠይቁት። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ደግሞ ነገሩ ከልማድ አልፎ ደንብ ሆኗል። በዚያ በወንዞች ላይ የሚፈቀደው አንድ ክርና እሾህ የሌለው አንድ ነጠላ መንጠቆ ብቻ ነው።

ዓሣው ሲቀንስ ደንቡ ጠበቀ

በቴይ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1922 ጆርጂና ባለንታይን የተባለች ሴት 29 ኪሎ የሚመዝን ሳልሞን ይዛለች። የያዘችው በዝንብ ሳይሆን በሌላ ማባበያ ሲሆን፣ ከዓሣው ጋር የነበረው ትግል ከ2 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በብሪታንያ በዘንግ ከተያዙት ሳልሞኖች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ እስከ ዛሬ ተመዝግቦ ይገኛል። የዚያን ጊዜ ወንዙ የማይነጥፍ ይመስል ነበር።

ሁኔታው ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በስኮትላንድ ወንዞች በዘንግ የሚያዘው ሳልሞን ከ1952 ጀምሮ ሲመዘገብ ቆይቷል። በ2010 የተያዘው ከ1 መቶ ሺህ በላይ ነበር። በ2023 ግን ወደ 33 ሺህ ወርዶ መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ ዝቅተኛው ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በታላቋ ብሪታንያ የሚገኘውን የአትላንቲክ ሳልሞን ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል መደበው። ከዘንግ አጥማጁ አቅም በላይ የሆኑ ምክንያቶች እንዳሉ ግልጽ ነው። የባሕሩ መሞቅና የምግቡ መለዋወጥ፣ በወንዞች ላይ የተሠሩ ግድቦች፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ከዳርቻው መመንጠር፣ ከእርሻ የሚታጠብ አፈር፣ ከዓሣ ማርቢያ ቤቶች የሚዛመት የባሕር ቅማል ከሚጠቀሱት ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ደንቡ ደረጃ በደረጃ እየጠበቀ ሄደ። በእሑድ ቀን ሳልሞን ማጥመድ በስኮትላንድ ቀድሞም በሕግ የተከለከለ ነው። ከ2015 ጀምሮ ከመጋቢት መጨረሻ በፊት የተያዘ ሳልሞን ሁሉ እንዲለቀቅ ተደነገገ። በ2016 ደግሞ በባሕር ዳርቻ በመረብ ሳልሞን ይዞ ማስቀረት ቀረ፤ ወንዞችም እንደ ዓሣቸው ብዛት በ3 ደረጃ ተመደቡ። በሦስተኛው ደረጃ የወደቀ ወንዝ ያገኘውን ሁሉ መልቀቅ ግዴታው ነው። በ2023 በዘንግ ከተያዘው ከ100 እጅ 96 እጅ ያህሉ ተለቋል። ከዚህ ውስጥ የበዛው የተለቀቀው ግዴታ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አጥማጆቹ ራሳቸው ስላመኑበት ጭምር ነው።

እንግዲህ የአንድና የሁለት ዝንብ ክርክር የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው። ባሕሩን ማቀዝቀዝ የማይችል አጥማጅ የሁለተኛውን መንጠቆ ነገር ግን በእጁ ይዞታል። በሌሎች ምክንያቶች ማሳበብ የራስን ድርሻ አያስቀርም።

የአይስላንድ ገበሬዎች ማኅበር

በስኮትላንድ ሳልሞን የማጥመድ መብት ከመሬቱ ተነጥሎ ሊሸጥና ሊወረስ የሚችል ንብረት ነው። በወንዙ ዳር የሚያርሰው ሰው በወንዙ ዓሣ ላይ ምንም ድርሻ ላይኖረው ይችላል። በሰሜን አትላንቲክ በምትገኘው ደሴት በአይስላንድ ግን ነገሩ የተለየ ነው። በዚያ የማጥመድ መብት ከእርሻው መሬት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከመሬቱ ተነጥሎ ለዘለቄታው አይሸጥም። ወንዙ የገበሬዎቹ ነው።

የአይስላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ሳልሞንን በባሕር ላይ ማጥመድን፣ ቀድሞ መብት ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች በቀር፣ ከልክሏል። ምክንያቱም በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የላይኛውን ገበሬ ሁሉ ድርሻ በአንድ ሌሊት ሊወስድ ስለሚችል ነው። በ2006 የወጣው ሕግ ደግሞ በአንድ ወንዝ ዳር መሬት ያላቸው ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያስገድዳል። «እኔ አልገባም» ማለት አይቻልም። ማኅበሩ ወንዙን በአንድነት ያስተዳድራል፤ በወንዙ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ዘንግ እንደሚዘረጋ በደንብ ይወሰናል፤ ኪራዩም በማኅበሩ በኩል ይሰበሰባል።

የዘንጉ ቁጥር መወሰን ቀላል ነገር አይደለም። ላክሳ አ አውሱም የምትባለው ትንሽ ወንዝ ለረጅም ዓመታት በ2 ዘንግ ብቻ ስትጠመድ ቆይታለች። ይህም ሆኖ፣ ይልቁንም በዚሁ ምክንያት፣ ለአንድ ዘንግ በሚደርሰው ዓሣ በአገሪቱ ስመ ጥር ሆነች፤ ኪራይዋም ውድ ሆነ። ባለወንዞቹ ብዙ ሰው በርካሽ ከማስገባት ጥቂት ሰው በውድ ማስገባትን መረጡ። የማጥመጃው ጊዜም በዓመት ከ105 ቀን፣ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። ብዙዎቹ ወንዞች ከዝንብ በቀር ሌላ ማባበያ አይፈቅዱም።

ለማኅበር መሪዎች ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የገቢው አከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ገበሬ የሚያገኘው ድርሻ በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የድርሻው መለኪያ በገበሬው መሬት ላይ የተያዘው ዓሣ ብዛት ብቻ አይደለም። መሬቱ ከወንዙ ጋር የሚዋሰንበት ርዝመት ይቆጠራል፤ ለማጥመድ ያለው ምቹነት ይቆጠራል፤ ዓሣው ዕንቁላል የሚጥልበትና ጫጩቱ የሚያድግበት ጠጠር በመሬቱ ላይ መኖሩም ይቆጠራል። በላይኛው ተፋሰስ ያለ፣ አንድም እንግዳ ዘንግ ይዞ የማይመጣበት ገበሬ፣ ዓሣው በደጁ ስለሚወለድ ድርሻ ያገኛል። ባይሆን ኖሮ ያ ገበሬ ጠጠሩን ለግንባታ ከመሸጥና ከብቱን በማራቢያው ላይ ከመንዳት የሚያግደው ምን ነበር? ድርሻው ሲሰጠው ግን ራሱ ዘበኛ ሆነ።

ማኅበር ብቻውን የማይችለው

ይህ ማለት የአይስላንድ ገበሬዎች ሥጋት የለባቸውም ማለት አይደለም። በነሐሴ 2023 በምዕራብ ፊዮርዶች ውስጥ ከሚገኝ አንድ የባሕር ዓሣ ማርቢያ 3 ሺህ 500 ያህል የቤት ሳልሞን አምልጦ ወጣ። የማርቢያው ዓሣ ለፈጣን ዕድገት ተመርጦ የተራባ ስለሆነ፣ ከዱሩ ዓሣ ጋር ከተዳቀለ የዱሩን ዘር ጽናት ያዳክማል። ያመለጡት ዓሦች በብዙ ወንዞች ውስጥ ተገኙ። ጠላቂ ዋናተኞች ከኖርዌይ ድረስ ተጠርተው እየለቀሙ አወጡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የወንዝ ባለቤቶችና አጥማጆች በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ ተሰብስበው ተቃውሟቸውን አሰሙ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በክር ላይ ያለውን መንጠቆ ቁጥር ማኅበሩ ሊወስን ይችላል። ከተፋሰሱ ውጭ የሚመጣውን ጉዳት ለመከላከል ግን የብዙ ማኅበራት አንድ ድምፅና የመንግሥት ሕግ ያስፈልጋል። የቤቱን ሥርዓት ያበጀ ማኅበር ደግሞ ከውጭ የመጣበትን ጉዳት ሲከስ ተሰሚነት ይኖረዋል።

ከቴይ እስከ ባሌ፣ ከባሌ እስከ ጣና

ነገሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ቡናማ ትራውት የሚባለው የሳልሞን የቅርብ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ ሎክ ሊቨን ወደ ኬንያ ደጋማ ወንዞች ተወስዶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ትራውት ከኬንያ ተጉዞ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። በዲንሾ አካባቢ በሚያልፈው በዌብ ወንዝና በገባሮቹ ይገኛል። በዝንብ የሚያጠምዱ እንግዶችም ወደዚያ ሲሄዱ ኖረዋል። በክር ላይ አንድ ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ በዚያም ይነሣል።

ከዚህ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጣና ነው። በጣና ሐይቅ በተለምዶ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ወገኖች ውስጥ ብዙዎቹ ልክ እንደ ሳልሞን ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲገፋ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጠጠራማውን ገባር ፍለጋ ሽቅብ ይጓዛሉ። መረብ የሚዘረጋውም በዚሁ ጊዜና በዚሁ ቦታ ነው። በገባሮቹ ላይ ብርብራ ፈጭቶ ውኃውን መመረዝም የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ በወንዝ የሚራቡት የነዚህ ዓሦች ብዛት በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 እጅ 75 እጅ ያህል ቀንሷል።

በቴይ ያለው አጥማጅ የሚያወራው ስለ አንድ ተጨማሪ መንጠቆ ነው። በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ ግን ስንት መንጠቆ እንደሚያህል መቁጠር አይቻልም። መንጠቆ አንድ ዓሣ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል፤ በወንዝ አፍ ያለ መረብ የዓመቱን እናቶች በሙሉ ያስቀራል። መርዝ ደግሞ ጫጩቱንም አያስተርፍም።

ማኅበር ሲሰበሰብ

የወንዝ፣ የሐይቅ፣ የግጦሽ ወይም የደን ደንብ ለማውጣት የሚሰበሰብ ማኅበር ከእነዚህ ሩቅ ወንዞች ሊወስዳቸው የሚችላቸው አራት ቁም ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ልማዱን የሚያውቁትን ሰዎች አስቀድሞ ማዳመጥ ይገባል። ሁለተኛው ዝንብ ለምን እንደሚታሰር የማያውቅ ሰው ለምን እንደሚከለከል ማስረዳት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ክልከላው ጉዳቱ ባለበት ቦታና ጊዜ ላይ ቢያነጣጥር ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ ሁሉን ከመከልከል፣ ዓሣው በሚራባበት ወርና በወንዙ አፍ ላይ አጥብቆ መከልከል ይበልጥ ይከበራል።

ሦስተኛ፣ ዘሩ በደጁ የሚበቅልለት የላይኛው ገበሬ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ድርሻ የሌለውን ሰው ጠብቅ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

አራተኛ፣ የሚያዘውና የሚሸጠው ሁሉ በየዓመቱ ይመዝገብ። ስኮትላንዶች ዓሣቸው ምን ያህል እንደ ጎደለ ሊያውቁ የቻሉት ከ1952 ጀምሮ ስለ ጻፉ ነው። ያልተጻፈ ሀብት ሲጠፋ ማንም አያየውም።

ቴይ ላይ መሽቷል። አጥማጁ ሳልሞኑን በመረብ ይዞ ከውኃው ሳያወጣው፣ እሾህ የሌለውን መንጠቆ ከአፉ ላይ በቀላሉ ይነቅላል። ዓሣውን አናቱን ወደ ወራጁ አድርጎ በሁለት እጁ ደግፎ ይቆያል። ጥቂት ቆይቶ ጭራው ይንቀሳቀሳል፤ ከእጁ ሾልኮ ወደ ጥልቁ ይሰወራል። ሆዷ ዕንቁላል የያዘ እንስት ከሆነች፣ ከ4 እና ከ5 ዓመት በኋላ ልጆቿ ከግሪንላንድ ባሕር ተነሥተው ወደዚያው ወንዝ ይመለሱ ይሆናል። ያን ዕለት በክሩ ላይ የነበረው አንድ ዝንብ ብቻ ነው።